ሳይለዩ አይፍረዱ፦ በጣና ዳር ነፍሳትን በስልክ ካሜራ ማንሳትና ማወቅ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በጣና ዳር የሚኖሩ ነፍሳትን በስልክ ካሜራ እንዴት ፎቶ እንደምናነሳ፣ ከፎቶውም እንዴት ለይተን እንደምናውቃቸው ይናገራል። ወረቀትና እርሳስ ካላችሁ አቅርቡ፤ እየጻፋችሁ የምትይዟቸው ነጥቦች አሉ።

በአንድ ጥያቄ እንጀምር። በበቆሎ ማሳችሁ ገብታችሁ ቅጠል የሚበላ ትል አገኛችሁ እንበል። ትሉ ከጥንት የምናውቀው ተምች ሊሆን ይችላል። የአገዳ ቆርቁር ሊሆን ይችላል። ከአሜሪካ አህጉር የመጣው መጤ ተምችም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በቆሎ ይበላሉ፤ ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። ነባሩ ተምች በመንጋ ሆኖ ከግጦሽ ወደ እህል ይተማል። የአገዳ ቆርቁር አገዳውን ሰርስሮ ስለሚገባ በላዩ የተረጨው መድኃኒት አያገኘውም። መጤው ተምች ደግሞ ገና ባልተዘረጋው የቅጠል ጥቅል ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል። ስሙን ያልለየ ሰው ለአንዱ የሚሆነውን መድኃኒት ለሌላው ይረጫል። ገንዘቡ ይባክናል፤ ትሉ ይተርፋል፤ ጥፋት የሌለባት ንብ ትሞታለች።

የዛሬው ትምህርታችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ አስቀድሞ መለየት፣ ከዚያ መወሰን። ለመለየት ደግሞ ብዙዎቻችን በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ስልክ ትልቅ መሣሪያ ነው።

የነፍሳትን መልክ አስቀርቶ ለሌላው ማሳየት ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ወደ ጢስ ዓባይና ወደ ግሽ ዓባይ ተጉዟል። በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ከብቶች ድምፁን ሲሰሙ ግጦሹን ጥለው የሚሸሹት አንድ ዝንብ እንዳለ ጽፎ ሥዕሉን ጨምሮ አወጣው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን በዝንቡ ማንነት ተከራከሩ። ገንዲ የሚያስተላልፈው ቆላ ዝንብ ነው ያሉ ነበሩ፤ ከብት የሚነድፍ ሌላ ትልቅ ዝንብ ነው ያሉም ነበሩ። ዝንቡ በእጃቸው ስላልነበረ በሥዕሉ ላይ ያልታየውን ነገር መልሰው ሊያዩት አልቻሉም። እኛም ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። አንድ ምስል ለዕውቀት የሚጠቅመው በያዘው ዝርዝር ልክ ነው። ስለዚህ ፎቶ ስናነሳ በኋላ የሚያየው ሰው ምን ብሎ ይጠይቀናል ብለን አስቀድመን ማሰብ አለብን።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ነጥብ ሰዓት ነው። የነፍሳት የሰውነት ሙቀት በአብዛኛው ካሉበት አየር ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ማለዳዋ ይቀዘቅዛል። በዚያ ሰዓት ቢራቢሮውም ጥንዚዛውም ደንዝዞ ቅጠል ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ፀሐይ ሰውነቱን እስክታሞቀው ድረስ ቶሎ መብረር አይችልም። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ለጀማሪ ከሁሉ ይሻላል። ብርሃኑም ለስላሳ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ግን አንጸባራቂ ክንፍን አንጽቶ ቀለሙን ያጠፋዋል። ከወራቱ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን አትለፉት። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ነፍሳቱም ይበዛሉ።

ሁለተኛው ነጥብ አቀራረብ ነው። ብዙ ነፍሳት ከመልካችን ይልቅ እንቅስቃሴያችንን ነው የሚያዩት። ጥላችሁ እንዳያርፍባቸው ፀሐይዋ በየት በኩል እንዳለች አስተውሉ። ዝቅ በሉ፤ በዝግታ ተጠጉ። ከሩቅ አንድ ፎቶ አንሱ፤ ትንሽ ቀርባችሁ ሌላ አንሱ፤ እንደገና ቅረቡ። ነፍሳቱ መሐል ላይ በርሮ ቢሄድ እንኳ የመጀመሪያው ፎቶ በእጃችሁ ይቀራል።

ሦስተኛው ነጥብ ጥራት ነው። የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ዙም እያደረጋችሁ ምስሉን ከመለጠጥ እጃችሁን ማስጠጋት ይሻላል። ስልኩ ምስሉን አጥርቶ የሚያነሳበትን ርቀት ፈልጉ፤ ከዚያ በላይ ብትጠጉ ይደበዝዛል። ጣታችሁን በስክሪኑ ላይ ነፍሳቱ ባለበት ቦታ ነካ አድርጉና ስልኩ እስኪያጠራ ጠብቁ። ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ፤ ትንፋሻችሁን ያዝ አድርጉና ደጋግማችሁ አንሱ። ከብዙዎቹ አንዱ ጥርት ብሎ ይወጣል። በስልክ ካሜራ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ አጉሊ መነጽር ካገኛችሁ ጉንዳን የሚያህለው ሁሉ በደንብ ይታያችኋል።

አራተኛውና ለመለየት እጅግ የሚጠቅመው ነጥብ ማዕዘን ነው። ከላይ አንድ፣ ከጎን አንድ፣ ከፊት ለፊት አንድ፣ ቢያንስ ሦስት ፎቶ አንሱ። ከላይ የተነሳው የክንፉን ንድፍ ያሳያል። ከጎን የተነሳው እግሩንና ሆዱን ያሳያል። ከፊት የተነሳው ዓይኑን፣ አፉንና አንቴናውን ያሳያል። የተቀመጠበትን ተክልም ለብቻው አንሱ፤ ብዙ ትሎች ከተወሰነ ተክል ውጭ ስለማይበሉ ተክሉን ያወቀ ሰው ለትሉ ስም ግማሽ መንገድ ተጉዟል። መጠኑን ለማሳወቅ የማይበር ከሆነ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ።

አምስተኛው ነጥብ መዝገብ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ተክሉንና ነፍሳቱ ሲያደርግ የነበረውን ጻፉ። ቦታ ስትጽፉ «ባሕር ዳር» ብቻ በቂ አይደለም። «ከዓባይ መውጫ አጠገብ፣ ደንገል ላይ» ወይም «ዘጌ፣ ቡና ጥላ ሥር» ብትሉ ሌላ ሰው ተመልሶ ሊያየው ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ፎቶው በእጃችን ገባ እንበል። አሁን እንለየው። በትምህርት ቤት ሦስት አጽቄ እየተባሉ የተማርናቸው ፍጥረታት ሰውነታቸው ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ እግራቸውም ስድስት ነው። ስለዚህ ፎቶውን ስትመለከቱ እግር ቁጠሩ። ስምንት ከሆነ ሸረሪት ወይም የሸረሪት ዘመድ ነውና ፍለጋችሁን ወደዚያ አዙሩ። ቀጥሎ ክንፍ ቁጠሩ። ዝንብና ትንኝ የሚበሩት በሁለት ክንፍ ነው። ንብ፣ ተርብና ቢራቢሮ አራት ክንፍ አላቸው። የጥንዚዛ የፊት ክንፎች ጠንካራ ክዳን ሆነው የሚበርባቸውን የኋላ ክንፎች ይሸፍናሉ።

ይህ ቆጠራ ወዲያው ጥቅም ላይ ሲውል ለማየት ወደ አደይ አበባ እንሂድ። አበባው ላይ ቢጫና ጥቁር ሸንተረር ያለው ነገር ቢቀመጥ ሁላችንም ንብ እንላለን። ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። ዓይኖቹ አብዛኛውን ራሱን የሚሸፍኑ ትልልቅ ከሆኑ፣ አንቴናው በጣም አጭር ከሆነ፣ ክንፉም ሁለት ብቻ ከሆነ የንብን መልክ የያዘ ዝንብ ነው። መናደፊያ የለውም። ወፎች ግን ንብ መስሏቸው ይተዉታል። የብዙዎቹ የዚህ ዝንብ ዓይነቶች እጮች በቅጠል ላይ ተጣብቀው የተክሉን ጭማቂ የሚመጥጡትን ጥቃቅን ተባዮች ስለሚበሉ ለጓሮ አትክልት ባለውለታዎች ናቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ቢራቢሮ። በባሕር ዳር አጥር ላይ የወፍ ቆሎ ሲያብብ ብርቱካናማ ቡናማ ክንፍ ያለው፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቢራቢሮ ቢመጣ በጥንቃቄ አንሱት። በአፍሪካ በሰፊው የሚገኘው ይህ ቢራቢሮ በእጭነቱ ሲቆረጡ ነጭ ወተት የሚያፈሱ ተክሎችን እየበላ መርዛቸውን በሰውነቱ ያከማቻል። አንዴ የቀመሰችው ወፍ ሁለተኛ አትነካውም። ይህንኑ መልክ የያዘች መርዝ የሌላት ሌላ ቢራቢሮ ደግሞ አለች፤ በሩቅ አይታችሁ አትለይዋቸውም። ልዩነቱ የኋላ ክንፍ ላይ ነው። መርዛማው በኋላ ክንፉ መሐል አካባቢ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት፤ አስመሳይዋ ግን በክንፏ የላይ ጠርዝ አንድ ብቻ አላት። የአስመሳይዋ ወንድ ጭራሽ ሌላ ፍጥረት ይመስላል፤ ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ክብ ነጭ ምልክቶች አሉት። የኋላ ክንፍ ያልታየበት ፎቶ ይህን ሊያስተምረን አይችልም። ክንፉን እስኪዘረጋ መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከሐይቁ ዳር ደንገልና ፊላ በበቀለበት ደግሞ ቀጭን ረጅም ሰውነትና አራት ጥርት ያሉ ክንፎች ያሏቸው፣ የውሃ ተርብ የምንላቸው ነፍሳት አሉ። እነዚህን በሁለት ቡድን ለመክፈል ሲያርፉ እዩዋቸው። ክንፋቸውን ወደ ጎን ዘርግተው የሚያርፉት፣ ወፈር ያሉትና ዓይኖቻቸው በአብዛኛው የሚገናኙት አንዱ ቡድን ናቸው። ሌላው ቡድን ቀጫጭን ነው፤ ዓይኖቹ የተራራቁ ናቸው፤ አብዛኞቹም ክንፋቸውን በጀርባቸው ላይ አጥፈው ያርፋሉ። በክንፎቻቸው ላይ ጥቁር ቡናማ መቀነት ያላቸው ትናንሾቹ ደግሞ በሐይቅ ዳር ሰው ሲራመድ ይከተላሉ፤ እግራችን ከሣር ያስነሳቸውን ጥቃቅን በራሪዎች እያጠመዱ ነው። ሰውን አይነድፉም። በእጭነታቸው በውሃ ውስጥ፣ ሲጎለምሱ በአየር ላይ የሚያድኑት ትንኝን ጭምር ነው። በልጆች እጅ ክንፋቸው ሲነቀል ብታዩ እባካችሁ አስተምሯቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን መለየት ከኑሯችን ጋር በቀጥታ ወደሚገናኝበት እንሂድ። መጤው ተምች አፍሪካ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ነው። በዓመቱ በ2017 ኢትዮጵያ ገባ። የእሳት እራቱ በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሊበር ስለሚችል አገር ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በመራዊና በአቸፈር በቆሎ የምታመርቱ አድማጮቻችን፣ ትሉን ስታገኙ ሁለት ፎቶ አንሱ። አንደኛው ከፊት ሆኖ ግንባሩን ያሳይ፤ መጤው ተምች በግንባሩ ላይ ሹካ የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት አለው፤ መያዣው ወደ ላይ፣ ሁለቱ ጥርሶቹ ወደ ታች ናቸው። ሁለተኛው ከላይ ሆኖ ጅራቱን ያሳይ፤ ወደ ጅራቱ ተጠግቶ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። ሁለቱ ምልክቶች አንድ ላይ ከተገኙ ፎቶውን ሳትዘገዩ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አድርሱ። ገና ሳይበዛ ከተደረሰበት እንቁላሉንና ትሉን በእጅ ለቅሞ መጨፍለቅ ይቻላል፤ ብዙ የኢትዮጵያ ገበሬዎችም እንዲሁ አድርገዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ትንኝ ነው። ምሽት ላይ በሐይቁ ዳር እንደ ጭስ ተነስተው የሚዞሩት ጥቃቅን በራሪዎች ሁሉ ደም መጣጮች አይደሉም። ብዙዎቹ ትንኝ የሚመስሉ ግን የመውጊያ አፍ የሌላቸው ናቸው፤ ለዓሣና ለወፍ ምግብ ይሆናሉ። የወባ ትንኝን ግድግዳ ላይ ባረፈችበት ከጎን ብታነሷት ራሷን ዝቅ፣ ጅራቷን ከፍ አድርጋ ሰያፍ ትቆማለች። የተለመደችው ሌላዋ የቤት ትንኝ ግን ከግድግዳው ጋር ተስተካክላ ታርፋለች። እጮቻቸውም በውሃ ላይ ይለያያሉ፦ የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ጋደም ይላል፤ የሌላዋ ደግሞ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል።

ይህን ማወቅ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልጋል። ከእስያ የመጣች አንዲት የወባ ትንኝ ዝርያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኝታለች፤ ከዚያ ወዲህ በክልላችን በባቲ ጭምር ታይታለች። ይህች ዝርያ ውሃ በምናጠራቅምበት በርሜል፣ በሮቶና በገንዳ ትራባለች፤ ስለዚህ ረግረግ በሌለበት ከተማም ወባን ልታስፋፋ ትችላለች። በውሃ ማጠራቀሚያችሁ ላይ ጋደም ያሉ እጮች ካያችሁ ፎቶ አንሱ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አሳዩ፤ ማጠራቀሚያውንም ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ።

ሦስተኛው አንበጣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2019 አጋማሽ ጀምሮ የበረሃ አንበጣ መንጋ ወደ አገራችን ገብቶ በ2020 በወሎ ሰብል ሲያወድም ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያው በ2020 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከአሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ አንበጣውን በስልክ ፎቶ አንስቶ ከነቦታው ለመላክ የሚያስችል መተግበሪያ አሰናድቶ ነበር። ፎቶው የሚጠቅመው ቀለሙ ስለሚናገር ነው። በመንጋ ያለው የበረሃ አንበጣ ክንፍ ባወጣ ሰሞን ሮዝ ነው፤ እንቁላል ለመጣል ሲደርስ ቢጫ ይሆናል። ቢጫውን ያየ ባለሙያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያ መሬት ኩብኩባ እንደሚፈላ አውቆ ይዘጋጃል።

የሐይቃችንን ጠላት እምቦጭንም አንርሳ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በጣና መኖሩ የታወቀው ይህ አረም በትውልድ ቦታው በደቡብ አሜሪካ የሚበሉት ሁለት የነቀዝ ዘመዶች አሉ። በ1990ዎቹ በቪክቶሪያ ሐይቅ ተለቀው አረሙን ለመቀነስ ረድተዋል። ምልክታቸው በቅጠሉ ላይ የሚተዉት ትንንሽ ክብ የተፋቀ ቁስል ነው። እምቦጭ ስትነቅሉ እንዲህ ያለ ቅጠል ቢያጋጥማችሁ በሁለቱም ገጹ አንስታችሁ ለተመራማሪዎች አሳዩ።

(አጭር ሙዚቃ)

ፎቶ ሊነግረን የማይችለውም ነገር አለ። በአገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ ከቅርብ ዘመዶቿ ጋር በመልክ ፍጹም አንድ ስለሆነች የሚለያት የዘረመል ምርመራ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶው እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ እንሰይም። «የውሃ ተርብ፣ ክንፉን ዘርግቶ የሚያርፍ» ብሎ መጻፍ እርግጠኛ ሳይሆኑ የዝርያ ስም ከመለጠፍ ይበልጣል። የተሳሳተ ስም መዝገብ ከገባ ሌሎችንም ያሳስታል።

ከባለሙያ ጋር ለመገናኘት ኢንተርኔት ያላችሁ አይናቹራሊስት የሚባለውን መተግበሪያ መጠቀም ትችላላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ነው። ፎቶ፣ ቀንና ቦታ ስታስገቡ ኮምፒውተሩ ስም ይገምታል፤ ቀጥሎም በየአገሩ ያሉ ዐዋቂዎች ያርማሉ፤ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲስማሙ መዝገቡ ለምርምር ብቁ ይባላል። የኮምፒውተሩን ግምት ግን እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰዱ። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የገባው ፎቶ ከእኛ አገር ከገባው እጅግ ስለሚበልጥ የጣናን ነፍሳት በሩቅ አገር ስም ሊጠራቸው ይችላል። ከዚህ ዳርቻ የሚላክ እያንዳንዱ ጥርት ያለ ፎቶ ይህን ክፍተት ይሞላል። አዲስ አበባ ለሚሄዱ ተማሪዎችም በአራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ በፎቶ ያዩትን በአካል ለማነጻጸር ይረዳል።

ጥንቃቄም አለ። ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ጣና ውስጥ አትግቡ፤ ጥልቀት በሌለው የዳር ውሃ የቢልሃርዝያ በሽታ ሊይዝ ይችላል። ማለዳና ምሽት በደንገሉ አካባቢ ጉማሬ ሊኖር ይችላልና ብቻችሁን አትጠጉ። በዘጌና በደሴቶቹ ገዳማት ከአባቶች ፈቃድ ጠይቁ፤ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማትም ስላሉ ሥርዓቱን አክብሩ። የሰው ማሳ ስትገቡ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ነፍሳቱን ያነሳችሁበት ቅጠል ላይ ተዉት፤ ፎቶ እንዲያምር ብሎ መቆንጠጥና መግደል አያስፈልግም።

ለመምህራንና ለተማሪዎች የቤት ሥራ እንስጥ። በትምህርት ቤታችሁ ግቢ አንድ ዛፍ ወይም አንድ ቁጥቋጦ ምረጡ። ለአንድ ወር በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት እየሄዳችሁ የምታገኙትን ሁሉ በሦስት ማዕዘን አንሱ፤ በደብተር መዝግቡ። በወሩ መጨረሻ የትኛው ተክሉን እንደሚበላ፣ የትኛው በላተኛውን እንደሚያድን፣ የትኛው ለአበባው ብቻ እንደሚመጣ ከፍላችሁ ጻፉ። ሎሚ የመረጣችሁ በመጀመሪያ የወፍ ኩስ የሚመስል፣ ሲያድግ አረንጓዴ የሚሆን እጭ ብታገኙ አትግደሉት፤ ሙሽሬ ሆኖ ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ እስኪወጣ በፎቶ ተከታተሉት።

የጣና አካባቢ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ይህ ክብር ለገዳማቱ፣ ለወፎቹና ለዓሣዎቹ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ እነዚያን የሚመግቡ፣ ቡናችንንና ኑጋችንን የሚያራቡ ነፍሳትም የዚያው ሀብት አካል ናቸው። የትኛው ጎጂ፣ የትኛው ጠቃሚ እንደሆነ ሳናውቅ ሁሉንም በአንድ መርጫ ብናጠፋቸው ጉዳቱ የእኛው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የማታውቁት ነገር ቅጠል ላይ ስታዩ እጃችሁ ከመርጫው በፊት ስልኩን ያንሳ።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)